ሠርቶ ለሚማር ልጅ ከገንዘብ በፊት ሰዓት ስጡት

ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ አራት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ፣ ሜክሲኮ ወይም መገናኛ ላይ ለጥቂት ደቂቃ የቆመ ሰው ያያቸዋል። ከሥራ ወጥተው ወደ ማታ ትምህርት የሚሮጡ ወጣቶች ናቸው። አንዱ የሱቅ ዩኒፎርሙን አላወለቀም። ሌላዋ በአንድ እጇ ደብተር፣ በሌላው ሳምቡሳ ይዛ ታክሲ ትሳፈራለች። ትምህርታቸውን ጨርሰው፣ ሰልፍ ጠብቀው ቤታቸው ሲደርሱ ምሽቱ 3 ሰዓት አልፏል። ቤተሰቡ በልቶ ጨርሷል፤ ሰሃኑም ሳይታጠብ ይጠብቃል።

ሠርቶ መማር ለእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። መምህራን በክረምት፣ የመንግሥት ሠራተኞች በማታ፣ በክፍለ ሀገር ያሉ ደግሞ በርቀት እየተማሩ ስንቱ ደረጃውን አሻሽሏል። እኔም ዲፕሎማዬን ያገኘሁት ጤና ረዳት ሆኜ እየሠራሁ ነው። ዛሬ ግን ነገሩ ሰፍቷል። ቀድሞ ማታ የሚማረው በአብዛኛው ሥራና ቤት የያዘ ትልቅ ሰው ነበር፤ አሁን ግን የ19 እና የ20 ዓመት ልጆች ገና ከጅምሩ ሥራና ኮሌጅ አንድ ላይ ይጀምራሉ። ኑሮ ተወዷል፤ የኮሌጅ ክፍያም ቀላል አይደለም፤ ልጁም የወላጆቹን እጅ እያየ መኖር አይፈልግም።

በእነዚህ ዓመታት በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ተመላላሽ ክፍል እንደዚህ ያሉ ብዙ ወጣቶች ፊቴ ተቀምጠዋል። ራስ ምታት፣ ጨጓራ፣ ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣት ይዟቸው ይመጣሉ። አብሯቸው የመጣ ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚለው አንድ ነው፦ «ጎበዝ ነበር እኮ፤ ምን እንደነካው አላውቅም።» ብዙውን ጊዜ ልጁ ስንፍና አልነካውም፤ ያጠረው ሰዓት ነው። ገንዘብ ለሁሉም ቤት እኩል አይገኝም። ሰዓትን ግን ደሃ ቤተሰብም ለልጁ ሊሰጠው ይችላል። የዛሬ ጽሑፌም ስለዚሁ ነው።

ሳምንቱ 168 ሰዓት ብቻ ነው

ወረቀትና እስክሪብቶ አምጡና ከልጃችሁ ጋር አብራችሁ ደምሩ። አንድ ሳምንት 24 ሰዓት በ7 ሲባዛ 168 ሰዓት ነው። ለሀብታምም ለደሃም አይጨመርም።

ሙሉ ቀን እየሠራ ማታ ሙሉ ኮርስ የያዘ ልጅን እንውሰድ። በቀን 7 ሰዓት ይተኛ ብንል በሳምንት 49 ይሆናል፤ 119 ሰዓት ይቀራል። ሥራው በሳምንት 48 ሰዓት ከሆነ 71 ቀረ። በአዲስ አበባ መንገድና የታክሲ ሰልፍ በቀን 3 ሰዓት ቢወስድበት፣ በስድስት ቀን 18 ነው፤ 53 ቀረ። ክፍል በሳምንት አምስት ምሽት፣ በምሽት 3 ሰዓት ቢማር 15 ነው፤ 38 ቀረ። ለመብላት፣ ለመታጠብና ልብስ ለማጠብ በቀን 2 ሰዓት ብቻ ብንሰጠው 14 ነው። በእጁ የሚቀረው 24 ሰዓት ነው።

ለማጥናት ስንት ያስፈልገዋል? አስተማሪዎች የሚሰጡት የተለመደ ምክር አለ፤ ለአንድ ሰዓት ክፍል ሁለት ሰዓት ጥናት። ስለዚህ ለ15 ሰዓት ክፍል 30 ሰዓት ጥናት ያስፈልጋል። ያለው 24 ነው። ገና ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ሳይሄድ፣ ጓደኛ ሳይጠይቅ፣ ልቅሶ ሳይደርስ፣ አንድም ቀን ሳይታመም 6 ሰዓት ጎድሎበታል። ይህን ጉድለት «በርታ» በሚል ቃል መሙላት አይቻልም።

አሁን ደግሞ ይኸው ልጅ ኮርሱን በአንድ ሦስተኛ ቢቀንስ እንይ። ክፍሉ 10 ሰዓት፣ ጥናቱ 20 ሰዓት ይሆናል። ሂሳቡን እንደገና ብትሠሩት ሁሉም ነገር ተሟልቶ 9 ሰዓት ይተርፈዋል። ያ 9 ሰዓት ለእምነቱ፣ ለቤተሰቡና ለራሱ ነው። የሚከፍለው ዋጋ ምረቃው ዓመት ወይም ሁለት ዓመት መዘግየቱ ነው።

እዚህ ላይ ነው እኛ ወላጆች የምናስቸግረው። «የእከሌ ልጅ እኮ ተመረቀ» እንላለን። ልጁም እንዳያሳፍረን ብሎ የማይችለውን ይሸከማል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ በአንድ ሴሚስተር ስድስት ኮርስ ይዞ ሁለቱን የወደቀ ተማሪ ለእነዚያ ኮርሶች እንደገና ከፍሎ፣ እንደገና ጊዜ ሰጥቶ ይማራቸዋል። አራት ይዞ አራቱንም ያለፈው ግን ቀድሞታል።

ሌላም ምክንያት አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋም ቢማር የመውጫ ፈተና መውሰድ አለበት። ፈተናው ልጁ በዓመታት ከተማራቸው ኮርሶች የተውጣጣ ነው። ለአንድ ሌሊት ተሸምድዶ በማግሥቱ የተረሳ ትምህርት እዚያ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። ቀስ ብሎ ገብቶት የተማረ ልጅ መጨረሻው ላይ አይደነግጥም።

በእርግጥ የኮርስ ቁጥር መቀነስ በየኮሌጁ ደንብ አለው። አንዳንዱ ኮርስ ሌላውን ሳያልፉ አይወሰድም፤ ትምህርቱ የሚጠናቀቅበትም ረጅሙ ጊዜ የተወሰነ ነው። ስለዚህ ልጁ ከመመዝገቡ በፊት ሬጅስትራር ሄዶ «በሴሚስተር ቢያንስ ስንት ኮርስ መያዝ ይፈቀድልኛል? በስንት ዓመት ውስጥስ መጨረስ አለብኝ?» ብሎ ይጠይቅ።

መጀመሪያ የሚሰረቀው እንቅልፍ ነው

ሰዓት የጎደለበት ወጣት ከአለቃው ሰዓት መስረቅ አይችልም፤ ከመንገድም አይችልም። የሚሰርቀው ከራሱ እንቅልፍ ነው። በየምሽቱ ሁለት ሰዓት ቢሰርቅ በሳምንት 14 ሰዓት ይሆናል፤ ይህ የሁለት ሙሉ ሌሊት እንቅልፍ ነው። ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ሰው በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት፣ ከዚያ በታች ያለ ጎረምሳ ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይገባዋል።

እንቅልፍ የባከነ ጊዜ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይደለም። ቀን የተነበበው ትምህርት በአእምሮ ውስጥ ቦታ ቦታውን የሚይዘው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። ሌሊቱን ሙሉ አንብቦ ያልተኛ ልጅ በወንፊት ውኃ እንደቀዳ ነው። ፈተናው ላይ ተቀምጦ «አውቀዋለሁ ግን ጠፋኝ» የሚለው ለዚህ ነው። ከፈተና በፊት ባለው ሌሊት ከተጨማሪ ሦስት ሰዓት ንባብ ሦስት ሰዓት እንቅልፍ ይሻለዋል።

አደጋም አለው። ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው አእምሮው ጥቂት አልኮል እንደወሰደ ሰው ይዘገያል። ልጃችሁ በሞተር ዕቃ የሚያደርስ፣ ታክሲ የሚነዳ ወይም ከማሽን ጋር የሚሠራ ከሆነ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። «ትንሽ ብቻ ደከመኝ» ሲል እመኑት፤ ቁልፉን ተቀበሉት።

ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚማርም አለ። የጥበቃ ሠራተኛ ሆኖ በመብራት ሥር የሚያነብ፣ በሆቴል ሌሊቱን የሚያስተናግድ፣ እንደ እኔ ዘመን ጓደኞች በሆስፒታል ሌሊት ተረኛ ሆኖ የሚያድር። እንዲህ ያለው ልጅ ጠዋት ሲገባ ቤቱ ያግዘው። መጋረጃው ጥቅጥቅ ያለ ይሁን፤ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይቀነስ፤ ጎረቤት ሲጠራው «ተኝቷል» በሉ እንጂ አትቀስቅሱት። ቀን የሚተኛን ሰው ሰነፍ አድርጎ ማየት የብዙ ቤት ልማድ ነው። ሌሊት ለሠራ ሰው ቀኑ ሌሊቱ ነው።

ቡናን በተመለከተ፣ ጠዋት አንድ ሁለት ስኒ ለጤነኛ ወጣት ክፋት የለውም። ነገር ግን ቡና ከተጠጣ ከአምስት ሰዓት በኋላም ግማሽ ያህሉ ኃይል በሰውነት ውስጥ አለ። በ4 ሰዓት ተኩል መተኛት የሚፈልግ ልጅ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ቡና ባይጠጣ ይመረጣል። የኃይል ሰጪ መጠጥ የሚባሉትም ዋና ሥራቸው ይኸው የቡናው ንጥረ ነገርና ስኳር ነው።

ስለ ጫት ደግሞ በግልጽ እንነጋገር፤ ብዙ ተማሪ የሚጀምረው ለሱስ ብሎ ሳይሆን «ለጥናት» ብሎ ነው። ጫት እንቅልፍና ረሃብን ለጊዜው ይገፋል። ከዚያ ምርቃናው ሲያልቅ ድብርትና ድካም ይመጣል፤ እንቅልፍም እሺ አይልም። እንቅልፍ ለማምጣት ጨብሲ ብሎ መጠጥ የሚከተል አለ። በማግሥቱ ለመንቃት እንደገና ጫት። ተማሪው የሚያጠናው ሰዓት የበዛ ይመስለዋል፤ ወሩ ሲደመር ግን የቀነሰ ነው። ልጃችሁ እዚህ ውስጥ ገብቶ ካገኛችሁት ጩኸት አይመልሰውም። ለምን እንደጀመረ ጠይቁት፤ መልሱ «ጊዜ አጣሁ» ከሆነ መጀመሪያ የሚስተካከለው ያ ጊዜ ነው።

«ትምህርት አከሳው» ብላችሁ አትለፉ

ሠርቶ የሚማር ልጅ ሲከሳ ሁሉም ሰው ምክንያቱን የሚያውቅ ይመስለዋል። እኔን ግን ያስፈራኝ የነበረው ይህ «ማወቅ» ነው። በተመላላሽ ክፍል ስሠራ ቀን ግንባታ ላይ እየዋለ ማታ የሚማር ልጅ እናቱ ይዛው መጣች። ያመጣችው ለቫይታሚን ነበር። ልብሱ ሰፍቶታል፤ ፊቱ ገርጥቷል። ስንት ጊዜ እንደሚያስለው ስጠይቀው «ከወር በላይ፤ የሲሚንቶ አቧራ ነው» አለ። አክታው ሲመረመር የሳንባ ነቀርሳ ሆነ። ስድስት ወር መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ወስዶ ዳነ። ግን አንድ ወር ሙሉ ከታናናሾቹ ጋር በአንድ ክፍል ሲያስል አድሯል።

ስለዚህ እነዚህን ልብ በሉ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ በተለይ ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ከሆነ፣ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር፤ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ይሰጣል። ብዙ ውኃ የሚጠማው፣ ቶሎ ቶሎ የሚሸና፣ እየበላ የሚከሳ ወጣት በቶሎ የደም ስኳሩ ይታይ። ወጣትም በስኳር በሽታ ይያዛል፤ ከዘገየም ለአደጋ ይዳረጋል።

ሴቶች ልጆች ላይ ደም ማነስ ይበዛል። ደረጃ ስትወጣ የምትተነፍስ፣ ልቧ የሚመታ፣ የዓይኗ ሽፋን ውስጡ የነጣ፣ የወር አበባዋም የሚበዛ ከሆነ ምርመራው ቀላል ነው። ምግቡ ላይ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ከተገኘ ሥጋና እንቁላል ይኑር፤ ቲማቲም ወይም ሎሚ ቢታከልበት ሰውነት ብረቱን በደንብ ይወስደዋል። ሻይና ቡና ወዲያው ከምግብ በላይ መጠጣት ግን የዚህን ብረት መጠን ይቀንሳል፤ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይጠጣ።

ጨጓራ የብዙዎቹ ችግር ነው። ሕመሙ የሚመላለስ ከሆነ በሽሮፕ ብቻ አትያዙት፤ የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራ ይደረግ። ራስ ምታት በመጣ ቁጥር በባዶ ሆድ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መዋጥ ጨጓራን ይጎዳል። ጥቁር ሰገራ ወይም ደም የቀላቀለ ትውከት ከታየ ነገ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና።

ምግቡን ለማስተካከል ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ከሥራ ወደ ክፍል ሲያልፍ በቦርሳው ውስጥ የሚበላ ነገር ይኑር፦ በሶ፣ ቆሎ ከኦቾሎኒ ጋር፣ የተቀቀለ እንቁላል በዳቦ፣ ሙዝ። በጾም ወቅት እንቁላሉ በኦቾሎኒ ቅቤ ይተካ። በረመዳን የማፍጠሪያው ሰዓት ክፍል ውስጥ ስለሚደርስበት ቴምርና ውኃ አይርሳ። ማታ ሲገባም የእሱ ድርሻ ተከድኖ ይጠብቀው። የተከደነ ሰሃን ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ለገባ ልጅ ግን ግማሽ ሰዓት ሰጣችሁት ማለት ነው።

ሥራው ምን ዓይነት ነው?

ሁሉም ሥራ ለተማሪ እኩል አይደለም። ደመወዙ ትንሽ ከፍ ያለ ግን በየቀኑ ሰዓቱ የሚለዋወጥ ሥራ፣ ደመወዙ ዝቅ ብሎ ሰዓቱ ከታወቀ ሥራ ይልቅ ትምህርትን ይጎዳል። ልጆችን ማስጠናት ለተማሪ ከሚመቹት አንዱ ነው፤ ሰዓቱ አጭር ነው፤ ራሱንም ከትምህርት አያርቀውም። ለሱቅ፣ ለካፌ ወይም ለፋርማሲ ሥራ ሲቀጠር ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ማታ እንደሚማር ለቀጣሪው ይንገር። ደብቆ ገብቶ በየምሽቱ 11 ሰዓት ላይ በር በሩን የሚያይ ሠራተኛ ከአለቃው ጋር ይጣላል።

ሕጉንም ማወቅ ይጠቅማል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። በሳምንት ውስጥ ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት ይገባዋል። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ ክፍያውም በቀን ሲሆን የመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፤ ሌሊትና ትርፍ ሰዓትም አይሠራም።

አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ቢያንስ 16 የሥራ ቀን የዓመት ዕረፍት ያገኛል። ሠራተኛው ጠይቆ አሠሪው ከተስማማ ለሁለት ተከፍሎ ሊወሰድ ይችላል። ለሚማር ልጅ ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም፤ ስምንት ቀን ለአንደኛው ሴሚስተር ፈተና፣ ስምንት ቀን ለሁለተኛው። ስለዚህ የዓመት ፈቃዱን ለዘመድ ሠርግና ለቤት ቀለም አታስጨርሱት።

በቤት ውስጥ ያለው ሁለተኛ ፈረቃ

ቀደም ብዬ በሠራሁት ሂሳብ ውስጥ ያላስገባሁት አንድ ነገር አለ፤ የቤት ሥራ። ለወንድ ልጅ ብዙ ጊዜ አይደመርም። ለሴት ልጅ ግን ይደመራል። ከሥራ ወጥታ ተምራ ከምሽቱ 3 ሰዓት ስትገባ ወጥ የሚሠራ፣ ዕቃ የሚያጥብ፣ የነገውን ሊጥ የሚያቦካ እሷን ይጠብቃል። በቀን ሁለት ሰዓት ብትሠራ በሳምንት 14 ሰዓት ነው። ወንድሟ በዚያ ሰዓት ሲያነብ እሷ ቆማ ትሠራለች። ውጤታቸው ሲለያይ «እሱ ጎበዝ ነው» እንላለን።

በሰፈራችን አንድ ቤት ይህን ያስተካከሉ አውቃለሁ። ልጅቷ ቀን የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ገንዘብ ተቀባይ ናት፤ ማታ አካውንቲንግ ትማራለች። በሁለተኛው ዓመት ሁለት ኮርስ ስትወድቅ አባቷ ትምህርቱን ተዪው ሊላት ነበር። እናቷ ግን ሰዓቷን ቆጠረች። ከዚያ ታናሽ ወንድሟ የዕቃ አጠባውን ወሰደ፤ አባትየው የገበያውን ነገር ያዙ፤ እንጀራው በሳምንት ሁለቴ ከጎረቤት መገዛት ጀመረ። እሷም ከስድስት ኮርስ ወደ አራት ወረደች። የወደቀቻቸውን በቀጣዩ ዓመት አለፈች። ልጅቷ ያው ልጅ ናት፤ የተለወጠው የቤቱ ሰዓት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ማለት ይህ ነው።

የሰፈሩም ጥያቄ አለ። የዕድር ድንኳን የሚተክል፣ ለልቅሶ ወንበር የሚያጋዝ ጎረምሳ ሲፈለግ መጀመሪያ የሚጠራው «ቤት ያለው» ልጅ ነው፤ ቤት የተገኘው ግን ፈተና ደርሶበት ሊሆን ይችላል። በፈተና ሰሞን በእሱ ፈንታ እኛ እንሂድ። ማኅበራዊ ግዴታ ይማር፣ ግን ለሁለት ሳምንት ይታገሱታል።

የገንዘቡ ነገር በግልጽ ይነገር

ልጅ ደመወዝ ሲጀምር ቤቱ ውስጥ ማንም የማይናገረው ጥያቄ ይነሳል፤ ለቤት ስንት ይሰጣል? ባልተነገረ ቁጥር ልጁ ይገምታል። ብዙ ጊዜም ከሚገባው በላይ ገምቶ ተጨማሪ ሥራ ይይዛል። ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ። «በዚህ ዓመት ለቤት ይህን ያህል፣ ወይም ምንም አትስጥ፤ የትራንስፖርትህንና የኮሌጅህን ራስህ ቻል» ማለት ሸክሙን ግማሽ ያቀለዋል።

የሴሚስተር ክፍያ በአንድ ጊዜ ሲመጣ ነው ልጆች የማይሆን ሥራ ውስጥ የሚገቡት። ቀኑ አስቀድሞ የሚታወቅ ስለሆነ በዕቁብ ሊያዝ ይችላል፤ የልጁ ዕጣ በምዝገባው ወር አካባቢ እንዲወጣ ከዳኛው ጋር መነጋገር የተለመደ ነው። ብዙ ኮሌጆችም ክፍያውን በየወሩ ይቀበላሉ፤ ይጠየቅ።

ከመክፈላችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አጣሩ። የኮሌጁ ዕውቅና ፈቃድ የሚሰጠው በትምህርት መስክ፣ በግቢና በትምህርቱ ዓይነት ነው። በቀን መደበኛ ትምህርት ዕውቅና ያለው ኮሌጅ በርቀት ላይኖረው ይችላል፤ በአንዱ ቅርንጫፍ ያለው በሌላው ላይኖር ይችላል። ይህን የሚያረጋግጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ሠርቶ የሚማር ልጅ ላቡን ዕውቅና ለሌለው ወረቀት ማፍሰስ የለበትም።

አያቶችም ድርሻ አላችሁ

አያት ከወላጅ የተለየ ጆሮ አለው። ልጁ ለአባቱ የማይነግረውን ለአያቱ ይነግራል። ስለዚህ ማታ ሲገባ «ስንት አመጣህ?» ብላችሁ አትቀበሉት። «በላህ ወይ? ዛሬ እንዴት ዋልክ?» በሉት። ቤት የምትውሉም እናንተ ናችሁ፤ የተከደነውን ምግብ የምትጠብቁ፣ የሚያጠናበትን ጥግ ከልጆች ጫጫታ የምትከላከሉ እናንተ ትሆናላችሁ። የልጅ ልጃችሁ ራሷ ሕፃን ይዛ የምትማር ከሆነማ በሳምንት ሁለት ምሽት ሕፃኑን መያዛችሁ አንድ ኮርስ ማለት ነው።

መቼ ነው ቆም ማለት?

አንዳንድ ጊዜ ሂሳቡ ቢሠራም ልጁ አይችለውም። የሚወደውን ሲጠላ፣ ከሰው ሲሸሽ፣ በጥቃቅኑ ሲቆጣ ወይም ሲያለቅስ፣ ቢደክመውም እንቅልፍ ሲያጣ፣ ይህም ሁለት ሳምንት ሲዘልቅ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይየው። የአእምሮ ጤና አገልግሎት በሆስፒታሎችና በበርካታ ጤና ጣቢያዎች አለ። «ምናለ ብሞት» የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ እንደ ቀልድ አትለፉት፤ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ውሰዱት። በዚህ የሚያፍር ቤተሰብ አይኑር።

ማቋረጥ ካስፈለገም በሥርዓት ይሁን። ዝም ብሎ የቀረ ተማሪ ውጤቱ እንደወደቀ ሊመዘገብበት ይችላል። በጊዜው ለሬጅስትራር አሳውቆ የማቋረጫ ቅጽ የሞላ ግን በደንቡ መሠረት ተመልሶ ይቀጥላል። አንድ ሴሚስተር ማረፍ ትምህርት መተው አይደለም። ሥራውንም ትምህርቱንም ጤናውንም ይዞ መንገዳገድ ነው ከሁለት ያጣ የሚያደርገው።

የሚቀጥለው ሴሚስተር ምዝገባ ሳይከፈት አንድ ምሽት ምረጡ። ሁሉም የቤቱ ሰው በአንድነት ይቀመጥ። 168 ብላችሁ ጻፉና ከላይ እንዳየነው ቀንሱ። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ቁጥር ከጥናቱ ሰዓት ካነሰ ልጁን «በርታ» ከማለታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፤ የትኛው ኮርስ ለቀጣዩ ዓመት ይቆይ? በቤት ውስጥ የሚሠራውንስ የትኛውን ማን ይውሰድለት? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ዘግይቶ በጤና የተመረቀ ልጅ ዲግሪውን ይዞ ሠርቶ ይጦራችኋል።